ሮም ያላችሁ ተማሪዎች፣ ከቴርሚኒ ትንሽ ራቅ በሉ

ውድ የጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሮም የሚኖር ሐበሻ ቀጠሮው ቴርሚኒ ነው። ባቡር ጣቢያው ማለቴ ነው። ከአገር ቤት በርበሬና ሽሮ ይዞ የመጣ ሰው ሲገኝ፣ እንጀራ ሲያምረን፣ ከሌላ ከተማ ጓደኛ ሲመጣ «ቴርሚኒ እንገናኝ» ነው የምንባባለው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ፣ ያ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት፣ ፒያሳ ዴይ ቺንክዌቼንቶ ይባላል። የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው ብዬ የጠየቅኳቸው የአገሬ ልጆች አብዛኞቹ አያውቁም። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የኢጣሊያ ጦር ወታደሮች ናቸው። እኛ ዕቃ የምንቀባበለው፣ የምንቃቀፈው፣ የምንሰነባበተው በእነሱ ስም በተሰየመ አደባባይ ላይ ነው።

እዚህ የምማረው የጥንት ሕንፃዎች ጥገና ነው። በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ከአገር ቤት አዳዲስ ተማሪዎች ይመጣሉ። አንዳንዱ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ነው፣ አንዳንዱ ቤተሰብ ያለ የሌለውን አሟጦ ልኮት ነው። ትንሽ ሲረጋጉ ኮሎሲየም ፊት ፎቶ ይነሣሉ፣ ትሬቪ ፏፏቴ ሳንቲም ይወረውራሉ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ይሄዳሉ። ደግ አደረጉ፣ እኔም ሄጃለሁ፣ ዛሬም እንግዳ ሲመጣብኝ ይዤው እሄዳለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ዲግሪያቸውን ይዘው ሲመለሱ፣ ፎቶ በተነሡባቸው ቦታዎች መሀል የራሳቸው ታሪክ እንዳለ ሳያውቁ ነው የሚመለሱት። የሚነግራቸው የለማ! ትምህርት ቤት ዓድዋን ተማርን፣ ማይጨውን ተማርን፣ ሮም ውስጥ ምን ቀረ የሚለውን ግን ማንም አላስተማረንም።

ይህን ሳነሣ አንዳንድ ጓደኞቼ «ያለፈ ቁስል ለምን ትነካኪያለሽ?» ይሉኛል። ሌሎቹ ደግሞ የወረረን አገር ሕንፃ ምኑ ይደነቃል ባዮች ናቸው። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው፦ ሄዳችሁ እዩት።

ሮም ውብ ከተማ ናት፣ ይህን ማንም አያስክደኝም። ከኮሎሲየም ብዙም ሳይርቅ ሳን ክሌመንቴ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከመንገድ የምትገቡበት የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃ ነው። ደረጃ ወርዳችሁ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ። አሁንም ትወርዳላችሁ፣ ከሥሩ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የሮማውያን ቤት አለ፣ ጨለም ያለና እርጥበት ያለው ነው፣ ከግድግዳው ጀርባ ውሃ ሲፈስ ይሰማል። ሦስት ዘመን አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ቆሟል። እዚያ ውስጥ ቆሜ ስንቱን የእኛን ቤት እንዳሰብኩ አልነግራችሁም። ይህን ያህል ከተማዋን እወዳታለሁ፤ ስለወደድኳት ግን በእኛ ላይ የሠራችውን አላውቅም ልል አልችልም። ሁለቱንም ይዤ ነው የምዞርባት።

አሁን ወደ መንገዱ ልውሰዳችሁ። ዘና ብላችሁ ብትሄዱ አንድ ሰዓትም አይፈጅ። ከፒያሳ ቬኔዚያ ጀምሩ። አደባባዩ ላይ ፓላትሶ ቬኔዚያ የሚባል የቆየ ቤተ መንግሥት አለ፤ መሀል ላይ አንዲት በረንዳ ታያላችሁ። ትንሽ ናት። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1935 ኢትዮጵያን ሊወር መሆኑን ለሕዝቡ ያወጀው ከዚያች በረንዳ ላይ ሆኖ ነው። ሜይ 9 ቀን 1936 ደግሞ እዚያው ላይ ወጥቶ የኢጣሊያ ግዛተ መንግሥት ተመሠረተ አለ። ያን ቀን አደባባዩ ከዳር እስከ ዳር በሰው ተሞልቶ ይጮህ ነበር። ዛሬ ቱሪስቱ ከሥሯ ቆሞ አይስክሬም ይበላል። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አያታለሁ፤ የአያቶቻችን ዕጣ ከዚህ ላይ ተነገረ እያልኩ ነው የማልፈው።

ከዚያ ወደ ኮሎሲየም የሚወስደውን ሰፊ ጎዳና ያዙ። ቪያ ዴይ ፎሪ ኢምፔሪያሊ ነው። ይህንንም ያስከፈተው ሙሶሊኒ ነው፣ በ1932 እ.ኤ.አ.፣ የሰው መኖሪያ ሰፈር አፍርሶ። ወደ ኮሎሲየም ስትቃረቡ በአንድ ትልቅ የጡብ ግድግዳ ላይ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ተሰቅለዋል። የሮም ግዛት በነጭ፣ ሌላው ዓለም በጥቁር ነው። በመጀመሪያው ካርታ ላይ ሮም አንዲት ነጥብ ናት፣ በአራተኛው ሜዲትራኒያንን ከቦ ሁሉም ነጭ ሆኗል። ሰው ሁሉ ቆሞ ፎቶ ያነሣቸዋል። አምስተኛም ነበር። በ1936 የተጨመረ፣ የፋሺስቱን ግዛት የሚያሳይ፣ ኢትዮጵያን ነጭ ያደረገ። ከጦርነቱ በኋላ አንሥተውታል። እባካችሁ እዚያ ስትደርሱ አራቱን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፣ ካርታው የተነሣበትንም ግድግዳ እዩት። አያቶቻችን በየጫካው፣ በየገደሉ አምስት ዓመት ሙሉ የተዋደቁት ያ ካርታ እውነት እንዳይሆን ነው።

ስለ ኮሎሲየም ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁሉም ጽፎበታል። ለተማሪ የሚጠቅም አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፦ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞችና ጥንታዊ ቦታዎች መግቢያ ነፃ ነው፣ ኮሎሲየምም ጭምር። ሰልፉ ረጅም ነው፣ በጠዋት ሂዱ።

ከጎኑ ያለውን የቆስጠንጢኖስን ቅስት ግን ቀስ ብላችሁ እዩት። አበበ ቢቂላ የገባው እዚያ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በመሸ ጊዜ፣ በባዶ እግሩ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ሩጫው ከካምፒዶሊዮ ተነሥቶ ከከተማ ወጣና በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና በችቦ ብርሃን ተመልሶ ገባ። እስከ መጨረሻው አቅራቢያ አብሮት የሮጠው ሞሮኳዊው ራዲ ነበር። አበበ ፍጥነት ጨምሮ ጥሎት የሄደው የአክሱም ሐውልት ቆሞበት ከነበረው ቦታ አጠገብ ሲደርሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቀጥ ያለ መንገድ ነው፣ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ፣ ሁለት ወገኑ ዛፍ፣ በአንድ በኩል የፓላቲኖ ኮረብታ። እኔ ሁሌ በተገላቢጦሽ ነው የምሄደው፣ ከቅስቱ ወደ ሐውልቱ ቦታ። በእግር ከአሥር ደቂቃ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ድንጋዩን ሳይ የሚመጣብኝ እግሩ ነው። የተነጠፈ፣ የተሸረፈ የጥንት ጥርብ ድንጋይ ባለበት ከተማ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር በባዶ እግር!

በመንገዱ መጨረሻ ላይ ፖርታ ካፔና አለ። እዚህ ላይ ብዙ ቁሙ። ፊት ለፊት የሚታየው ትልቅ ነጭ ሕንፃ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ የፋኦ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ግንባታው ሲታቀድ ግን ለፋኦ አልነበረም። ቅኝ ግዛቶቹን ለሚያስተዳድረው ለኢጣሊያ አፍሪካ ሚኒስቴር ነበር። ሐውልታችንን በ1937 እ.ኤ.አ. አምጥተው ከሕንፃው ፊት ያቆሙት ለዚህ ነው። 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ክብደት ያለውን የአክሱም ድንጋይ፣ ተሰባብሮ ወድቆ ከነበረበት ቆራርጠው አንሥተው፣ በመርከብ ጭነው እዚህ ተከሉት። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የታሪክ ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድዳል። 18 ወር! ሐውልቱ አክሱም የገባው ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። በመሀል ትውልድ ተወልዶ ሸመገለ። በ2002 እ.ኤ.አ. መብረቅ መታውና ጫፉ ላይ ጉዳት ደረሰበት። በዓመቱ ማፍረስ ተጀመረ። በመጨረሻም በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጫነ፣ ነሐሴ 2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆሞ ተመረቀ። በዚያ ጊዜ ልጅ ነበርኩ፣ ቤታችን ውስጥ የነበረውን እልልታ አልረሳውም።

ዛሬ በስፍራው ሌላ መታሰቢያ ቆሟል። መስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ለሞቱት ሰዎች የቆሙ ሁለት የጥንት ዓምዶች ናቸው። ሰዎቹ መታሰብ ይገባቸዋል፣ በዚህ ቅር አይለኝም። ግን ስድስት አሥርት ዓመታት ያህል የአክሱም ሐውልት የቆመበት ቦታ ነው። መንገደኛው፣ የፋኦ ሠራተኛው፣ ቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ የሚወርደው ተማሪ፣ በዚያ ያልፋል። እኔ ዞሬ ዞሬ ስለ አክሱም የሚናገር ጽሑፍ አላገኘሁም። ሁለት መስመር ይበቃ ነበር፤ መቼ መጣ፣ መቼ ተመለሰ። መንግሥታችን፣ ኤምባሲያችን ይህን ቢጠይቅ ምን ይከብዳል? ሐውልቱን ያስመለሰ አገር ሰሌዳ መጠየቅ አያቅተውም።

እዚያው ቆማችሁ ወደ ቺርኮ ማሲሞ ዞር በሉ። ያ ሰፊ ሣር የሮማውያን የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ነበር። በ357 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ከግብፅ፣ ከካርናክ ያስመጣውን ግዙፍ ሐውልት መሀሉ ላይ አቆመ። ዛሬ ሳን ጆቫኒ አደባባይ ነው ያለው፣ 32 ሜትር ነው፣ ከዚያ የሚረዝም ሐውልት በከተማው የለም። ይኸው ቆስጠንጢዮስ በዚያው ዘመን ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፏል፤ ስለ አባ ሰላማ፣ ፍሬምናጦስ ስለምንለው። የደብዳቤውን ቃል ቅዱስ አትናቴዎስ ጽፎ አቆይቶልናል። የሮም ንጉሥ ለእኛ ንጉሥ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ ከ1,500 ዓመት በላይ አልፎ ደግሞ የዚያ ዘመን የአክሱም ሐውልት ተጎትቶ መጥቶ ከዚሁ ሜዳ ጫፍ ቆመ። እኔ ይህን ሳገናኘው ጭንቅላቴ ነው የዞረው።

ወደ ቴርሚኒ ልመልሳችሁ። ከጣቢያው ትንሽ ወጣ ብላችሁ፣ የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ከሚባለው ፍርስራሽ አጠገብ፣ ዛፎች መሀል የዶጋሊ መታሰቢያ አለ። አናቱ ላይ ያለው የግብፁ ፈርዖን የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ነው፣ ከታች በነሐስ ሰሌዳ ላይ የሟቾቹ ወታደሮች ስም በዝርዝር ተጽፏል። ስሞቹን ቀርባችሁ አንብቧቸው። የገበሬ ልጆች ናቸው ብዬ አስባለሁ፣ ምጽዋ የት እንደሆነች እንኳን ሳያውቁ የተላኩ። በፋሺስቱ ዘመን ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ፣ አሁን ለገሃር ያለው፣ የተቀመጠው ከዚህ መታሰቢያ ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ ያን አይቶ ነው ጎራዴውን የመዘዘው። ነገሩን ሰው በልዩ ልዩ መንገድ ያወራዋል። መጨረሻው ግን ይታወቃል፤ ሲሲሊ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዘግቶበት በ1945 እ.ኤ.አ. እዚያው አረፈ። ሻይ ልንጠጣ የምንገናኝበት ቦታ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ የሆነበት።

መራራው ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። አዘጋጁ ሆይ፣ ይህ ጋዜጣ የሚታተምበት ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ መኪና የወጣው የት ይመስልዎታል? ሮም ነው። በ1513 እ.ኤ.አ.፣ መዝሙረ ዳዊት። ጀርመናዊው አሳታሚ ፊደሉን የተማረው እዚህ ከነበሩ የኢትዮጵያ መነኮሳት ነው። መነኮሳቱ የሚኖሩት ከጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ባለችው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ዛሬም ስሟ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ ነው፣ የሐበሾቹ እስጢፋኖስ። ቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነች ያለ ፈቃድ አይገባም፤ በደንብ ከጠየቃችሁ ግን መንገዱ ይገኛል። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተሙት እዚሁ ሆነው ነው፣ በ1548 እና በ1549። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ለአንባቢ ይቅርታ ይጠይቃሉ። የፊደል ለቃሚዎቹ ማንበብ አይችሉም ነበር፣ እኛ ደግሞ ፊደል መልቀም አናውቅም ነበር፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳድተን ነው የሠራነው፣ ስሕተት ብታገኙ በክፉ አትዩብን የሚል ነው መንፈሱ። በሰው አገር፣ አገራቸው በጦርነት ከተጎዳች በኋላ፣ ቋንቋውን ከማያውቅ ሠራተኛ ጋር እያንዳንዷን ፊደል እየለቀሙ! ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብዬ ፈተና ሲያስጨንቀኝ እኚህን አባት አስባለሁ። እዚያች ቤተ ክርስቲያን ነው የተቀበሩት።

የመንገድ ስሞቹን ልዝለላቸው ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም። በሰሜን ሮም የአፍሪካ ሰፈር የሚሉት አለ፤ ቪያሌ ኤትዮፒያ፣ ቪያሌ ኤሪትሪያ፣ ቪያሌ ሊቢያ፣ ቪያ ድሬዳዋ። ቅኝ ግዛቱን ለማክበር የወጡ ስሞች ናቸው፣ ዛሬ ሰዎች የሚሸምቱበት ደኅና ሰፈር ነው። ሳን ጆቫኒ አጠገብ ደግሞ የአምባ አራዶም ጎዳና አለ። በ1928 ዓ.ም. በአምባ አራዶም ላይ የራስ ሙሉጌታ ጦር በቦምብና በመርዝ ጋዝ የተፈጀበት ነው። እዚያ የሜትሮ ጣቢያ ሊከፈት ሲል በ2020 እ.ኤ.አ. የከተማው ምክር ቤት በጆርጆ ማሪንኮላ ስም ይሰየም ብሎ ወስኖ ነበር። እናቱ ሶማሌ፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ ፋሺስቶችንና ናዚዎችን ሲዋጋ በ1945 የተገደለ ወጣት ነው። ጣቢያው በመጨረሻ ፖርታ ሜትሮኒያ ተባለ። ቢያንስ ግን ክርክሩን ያነሡት ጣሊያናውያን ናቸው፣ ብዙዎቹ የእኔ ዕድሜ ወጣቶች፣ እና በጣም አከብራቸዋለሁ። ከሮም በስተ ምሥራቅ አፊሌ በምትባል ከተማ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሠርተዋል። የየካቲት 12ን፣ የደብረ ሊባኖስን ግራዚያኒ ማለቴ ነው። እዚያ አልሄድኩም፣ መሄድም አልፈልግም።

እንግዲህ አዘጋጁ፣ ጥያቄዬ ይኸው ነው። በየዓመቱ ተማሪዎች ከአገር ከመውጣታቸው በፊት፣ ነሐሴ አካባቢ፣ ስለ አንድ አንድ ከተማ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አውጡልን። ሮምን በእኔ ጣሉት፣ እጽፋለሁ። ለንደን ያሉት ስለ መቅደላ ንብረትና ዊንዘር ላይ ስለተቀበረው ስለ ልዑል ዓለማየሁ ይጻፉ። ኢየሩሳሌም ያሉት ስለ ዴር ሱልጣን ይጻፉ። የታሪክ መምህራን ደግሞ እባካችሁ፣ የማይጨው ምዕራፍ ሲያልቅ ለተማሪው ሐውልቱ የት ነበር፣ አንበሳው የት ነበር በሉት፤ ዕድል ቀንቶት አንድ ቀን እዚህ ሲደርስ ፈልጎ ያየዋል።

አንድ ሌላ ነገር። ከ1997 ዓ.ም. በፊት ሮም የተማራችሁ፣ የሠራችሁ፣ በትራንዚት ያለፋችሁ አንባቢዎች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ፖርታ ካፔና ላይ ከሐውልቱ ሥር የተነሣችሁት ፎቶ በየቤታችሁ አልበም ውስጥ አለ። የእኔ አክስት እንኳን አላት፣ ረጅም ካፖርት ለብሳ፣ ከኋላዋ የሐውልቱ ግርጌ ብቻ ይታያል። እነዚያን ፎቶዎች ዓመቱንና ትንሽ ማስታወሻ ጽፋችሁበት ለጋዜጣው ላኩ። አዘጋጁ ከፈቀዱና ካስተላለፉልኝ፣ እኔ ደግሞ እያንዳንዱ ፎቶ የተነሣበት ቦታ ሄጄ፣ በዚያው አቅጣጫ ቆሜ፣ ዛሬ ያለውን አንሥቼ እልካለሁ፣ ጎን ለጎን ታወጧቸዋላችሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሕንፃ ጥገና ተማሪ፣ ከሮም